ወሎ ላይ የጉበት በሽታ ተመራማሪ ማሠልጠን፦ ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ ላሉት ዓመታት የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ ሆነው ሦስተኛ ዲግሪውን የጨረሰ ሰው ተቀብለው የጉበት በሽታ ተመራማሪ ማድረግ ለሚፈልጉ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ አማካሪዎችና ሐኪሞች ነው። ፖስትዶክ የሚባለው ደረጃ እኛ ዘንድ ገና በደንብ አልተለመደም። ስለዚህ የሚመጣውን ሰው ወይ እንደ ተጨማሪ መምህር ወይ ዶክትሬቱን ሁለተኛ ጊዜ እንደሚሠራ ተማሪ አድርገን እንይዘዋለን። ሰውየው ግን ሁለቱንም አይደለም። ዶክትሬቱን ሲሠራ ጥያቄውን አማካሪው ሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ አሁን የሚሠለጥነው የራሱን ጥያቄ አንስቶ፣ ገንዘብ አፈላልጎ፣ ሰው አስከትሎ እንዲሠራ ነው። ለዚህ ሁለት ዓመት ጠባብ ነው፣ ሦስት ዓመት ይበቃል። ከአራት ካለፈ ሰውየው የእርስዎ ረዳት ሆኖ ቀርቷል።

ብዙ ሰው ሥልጠናውን ከመሣሪያ ይጀምራል፤ ማሽን ሲገዛ፣ ማሽኑ ላይ ኮርስ ሲሰጥ ዓመቱ ያልቃል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ወሎ ላይ የሚሠለጥን የጉበት ተመራማሪ መጀመሪያ መልመድ ያለበት፣ ሌላ አገር በሽተኛ ላይ የተሰላ ቁጥር እዚህ በሽተኛ ላይ ይሠራ እንደሆነ መጠየቅን ነው። ከታች ያለው ሁሉ ወደዚያ ለመድረስ የሚደረግ ነው።

ከመቅጠር በፊት፦ ጊዜውን በወረቀት ያሥሩ

የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የሥልጠና ገንዘብ ሠልጣኙ ሙሉ ጊዜውን ለሥልጠናው እንዲያውል ያስገድዳል። እኛ ዘንድ ሙሉ ጊዜ ማግኘት ዘበት ነው፤ በሳምንት አራት ቀን ግን ይቻላል። ይህ በቃል ከቀረ ሴሚስተሩ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት "አንድ ኮርስ ብቻ" ይባላል፣ ቀጥሎ የተመራቂዎች ጽሑፍ ይታረም ይባላል፣ ከዚያ ኮሚቴ ይመጣል። ሠልጣኙ ሐኪም ከሆነ ደግሞ ተረኝነት አለ። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የማስተማር ጫናው በሰዓት፣ ተረኝነቱ በወር ስንት ሌሊት እንደሆነ ተጽፎ ዲኑም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ይፈርሙበት።

አማካሪ ሁለት ይሁኑ፦ አንዱ በሽተኛ የሚያይ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ሌላው ላቦራቶሪ የሚውል የባዮሎጂ ሰው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሠልጣኙ በመካከል ይጎዳልና በየወሩ አንድ ላይ ተቀምጠው ያነጋግሩት። ከሁለቱም ውጭ የሆነ፣ ሠልጣኙ ቅሬታውን የሚያዋየው ሦስተኛ ሰው ይመደብ። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሌላው የሚዘነጋው ክትባት ነው። ሠልጣኙም አብረውት የሚሠሩት የላቦራቶሪ ባለሙያዎችም ደም ከመንካታቸው በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያድርጉ፣ ነፃ ከሆኑ ይከተቡ። ክትባቱ መጀመሪያ፣ በወሩ፣ ከዚያ በስድስተኛው ወር ይሰጣል። ከመጨረሻው በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ወር የመከላከያ አካሉ መጠን ይለካ፤ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ ተከላክሏል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት፦ ዋርድና ወንዝ

በእነዚህ ሁለት ወራት ሠልጣኙ ፒፔት አይጨብጥም። ጠዋት ከሐኪሞቹ ጋር ዋርድ ይዞር፣ ከሰዓት አልትራሳውንድ ክፍል ይቀመጥ፣ ኢንዶስኮፒ ባለበት ቀን እዚያ ይገኝ። ሐኪም ያልሆነ ሠልጣኝ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው፣ ደም የሚያስታውክ ሰው፣ ጣፊያው እምብርቱ ድረስ የወረደ ወጣት በዓይኑ ሳያይ ስለ ጉበት ጠባሳ ቢያነብ ነገሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከዚያ ወደ ቆላው ይውረድ። ከሐርቡ እስከ ከሚሴ ባለው የቦርከና ሸለቆ፣ በሐይቅ ዙሪያም የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ። ልጆች የሚዋኙበትን፣ ልብስ የሚታጠብበትንና መስኖው የሚጠለፍበትን ቦታ ይየው፣ ቀንድ አውጣውንም አንስቶ ይመልከተው። አክሊሉ ለማ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው። ለወጣት ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ የመግቢያ ታሪክ አላውቅም፤ መኪናው ውስጥ ይንገሩት።

በዚህ ጊዜ ዋናው ልምምድ ታሪክ መጠየቅ ነው። መጠይቁ ላይ "የባህል መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?" የሚል ጥያቄ ካለ መልሱ ሁልጊዜ "የለም" ነው። ጥሩ ጠያቂ እንዲህ ትላለች፦

"አባባ፣ ሰፈራችሁ ሰው የወፍ በሽታ ሲይዘው ምን ያጠጡታል?"

"እሱማ ቅጠል አለ፣ ተወቅጦ በጠዋት ነው የሚጠጣ።"

"እርስዎን ይዞዎት ያውቃል?"

"ልጅ ሳለሁ ይዞኝ እናቴ አጠጥታኛለች። ዘንድሮም ያው።"

"ዘንድሮም" የምትለዋ ናት የምትፈለገው። ጫቱም እንደዚሁ ነው። "ይቅማሉ?" ሲባሉ "ለዱአ ብቻ ነው ልጄ" ይላሉ፤ እዚያ ላይ ጽፎ ማለፍ አይገባም። "ዱአው በሳምንት ስንቴ ነው አባባ?" ስትላቸው ይስቁና "ኧረ የማይኖርበት ቀን የለም" ይላሉ። በእስር ቆጥሮ መጠየቅ አያዋጣም፣ እስሩ እንደየገበያው ይለያያል፤ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጡና በቀን ስንት ብር እንደሚያወጡ መጠየቅ ይሻላል። ይህ ዝም ብሎ የወግ ጥያቄ አይደለም፦ ሐረር ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። የመጠጥ ጥያቄ ግን ቤተሰብ ከጎን ቁጭ ብሎ አይጠየቅ፤ ሰውየው ሙስሊም ከሆነ በተለይ።

ከሚሴ አካባቢ ኦሮምኛ፣ ባቲ ገበያ ላይ ደግሞ አፋርኛ የሚናገር ጠያቂ ያስፈልጋል። የበሽተኛውን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ ታሪኩን ያጣምመዋል።

የባዮሎጂው ትምህርት

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት፣ ሳይሰረዝ። መጽሔቶችን ሂናሪ በተባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም በኩል በነፃ ማግኘት ይቻላል፤ የይለፍ ቃሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እጅ ወጥቶ ሠልጣኙ ጋ ይድረስ።

መጀመሪያ የደም ዝውውሩ ይጠና። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም 75 በመቶ ያህሉ ከአንጀትና ከጣፊያ በሚመጣው የደም ሥር በኩል ነው፤ የሆድ ውሃውም የደም ማስታወኩም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቀጥሎ ጠባሳ የሚሠሩት ስቴሌት ሴሎች ይመጣሉ። በጤናማ ጉበት ውስጥ ቫይታሚን ኤ አከማችተው ይቀመጣሉ፤ ጉበቱ ሲጎዳ ባሕርያቸውን ለውጠው ኮላጅን ማምረት ይይዛሉ። ከዚያ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ። ሠልጣኙ ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ቫይረሱን ጸጥ አድርጎ ለምን እንደማያጠፋው፣ ማለትም በሴሉ ኒውክለስ ውስጥ የሚቀረውን ክብ ዲኤንኤ፣ ሰሌዳ ላይ ሥሎ ለነርስ ማስረዳት ካልቻለ ገና አልገባውም።

ወሎ ላይ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን በቢልሃርዚያና በቫይረስ ጠባሳ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላሉን ደም ሥር ውስጥ ይጥላል፣ ከፊሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ በትንንሾቹ ሥሮች ይሸጎጣል፣ ሰውነት በዙሪያው ጠባሳ ይገነባል። ጠባሳው ደም ሥሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ የጉበቱ ሴሎች ግን ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን ይሠራሉ። ሰውየው ደም ያስታውካል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ጉበት የሚሠራው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን መጠኑ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። በቫይረስ የመጣው ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበቱን በሙሉ የያዘ ጠባሳ፣ ሴሎቹንም ይጨርሳል።

ለውይይት ከትግራይ ሰሜን ምዕራብ የተሰማውን በሽታ ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአንድ መንደር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ሲሞቱ ቫይረስ ተፈለገ፣ አልሆነም፤ በመጨረሻ ጥርጣሬው ከእህል ጋር በሚደባለቅ አረም ውስጥ ባለ ለጉበት መርዛማ ንጥረ ነገር ላይ አረፈ። መርማሪዎቹ በየደረጃው ምን እንደጠረጠሩ፣ ምን እንደጣሉ ሠልጣኙ ራሱ ያቅርበው። ከዚያ ወደ ቆቦና ባቲ ማሽላ ይምጡ፦ ሻጋታ የነካው እህል አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይይዛል፣ አፍላቶክሲንና ሄፓታይተስ ቢ ሲገናኙ የጉበት ካንሰር አደጋ ይባዛል።

ጥያቄ መምረጥ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ሠልጣኙ ሦስት ጥያቄ ጽፎ ይምጣ፤ ለእያንዳንዱ "ሪኤጀንቱ (የምርመራ ኬሚካሉ) ስድስት ወር ቢዘገይ ምን እሠራለሁ?" የሚለውን ይመልስ። መልስ የሌለው ጥያቄ ይጣል። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ጠይቆ፣ ዕቃው መጥቶ፣ ሞዴል 19 ተቆርጦ፣ በሞዴል 22 ወጪ እስኪሆን የሚያልፈውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር አያቃልለውም።

ምን ዓይነት ጥያቄ እንደምፈልግ በምሳሌ ላሳይ። ጉበት ምን ያህል ጠባሳ እንደያዘ ያለ ባዮፕሲ (ከጉበቱ ቁራጭ ሳይወሰድ) ለመገመት አፕሪ የሚባል ስሌት አለ። ኤኤስቲ የተባለው ኢንዛይም በላቦራቶሪው ከፍተኛ መደበኛ መጠን ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል፣ ከዚያ በሺህ ለተቆጠረው ፕላትሌት (ደም ለሚያረጋው የደም ሕዋስ) ይካፈላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 መመሪያው የሲሮሲስ ምልክት ያደረገው ከ2 በላይ ሲሆን ነበር። በ2024ቱ መመሪያ ወደ 1 ወርዷል፤ ከ0.5 በላይ ሲሆን ደግሞ ከፍ ያለ ጠባሳ አለ ተብሎ የሄፓታይተስ ቢ በሽተኛ ሕክምና እንዲጀምር ይመከራል። መውረዱ ብዙ ሰው ቶሎ እንዲታከም ያደርጋልና መልካም ነው።

አሁን ከከሚሴ የመጣ የ30 ዓመት ገበሬ ያስቡ፦ ኤኤስቲ 30፣ መደበኛው ጣሪያ 40፣ ፕላትሌት 60 ሺህ። 30 ለ40 ሲካፈል 0.75፤ በ100 ሲባዛ 75፤ ለ60 ሲካፈል 1.25። በመመሪያው ሲሮሲስ አለበት። ግን ኢንዛይሙ መደበኛ ነው! ቁጥሩን ያስወጣው ፕላትሌቱ ነው፤ ፕላትሌቱን የቀነሰው ደግሞ በቢልሃርዚያ ያበጠው ጣፊያ ሊሆን ይችላል። ወባም ካላዛርም ጣፊያ ያሳብጣሉ። ይህ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ዕድሜ ልኩን ክኒን ሊጀመርለት ነው፤ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? ጋምቢያ ውስጥ ካሉ በሽተኞች በተገኘ መረጃ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ትሪት ቢ የተባለው መለኪያ ፕላትሌት አይጠቀምም፤ የቫይረሱን ኢ አንቲጅንና ኤኤልቲ የተባለውን ሌላ የጉበት ኢንዛይም ብቻ ያያል። ታዲያ በቦርከና ሸለቆ የትኛው ይሻላል? አልትራሳውንድ፣ የሰገራ ምርመራ፣ የደም ቆጠራና የጉበት ኢንዛይም ካሉ ጥናቱ ይጀመራል። ሁሉም ደሴ ላይ የሚገኙ ናቸው። የቫይረስ መጠኑ በቲቢ ክሊኒኩ ጂንኤክስፐርት ማሽን ሊለካ ይችላል፤ ካርትሪጁ ብቻ ለየት ያለ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሠልጣኙ ራሱ ሲያነሳ ሥልጠናው ግማሹን ሄዷል። እርስዎ ቀድመው አይንገሩት፤ አሥር የበሽተኛ ካርድ ሰጥተው ስሌቱን በእጁ ያሠሩት፣ ግራ ሲጋባ ይጠብቁ።

እጅ ሥራው

የላቦራቶሪ ባለሙያ ይሠራልኛል የሚል ፖስትዶክ የራሱን ውጤት አይፈትሽም። ስለዚህ የሰገራውን ምርመራ ራሱ ይማር። ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ ሰገራው በወንፊት ይጠለላል፣ 41.7 ሚሊግራም በሚይዘው ቀዳዳ ሞልቶ ስላይድ ላይ ይቀመጣል። ግሊሰሪንና አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ያደረ ሴሎፌን ይደረግበታል፣ በሌላ ስላይድ ተገልብጦ በአውራ ጣት እኩል ይጫናል። ሲጫን ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሴሎፌኑ ይጨማደዳል፣ እንቁላሉም ከጠርዝ ይወጣል፤ ቀጥ አድርጎ ተጭኖ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ነው። የመንጠቆ ትል እንቁላል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋልና እሱን የሚቆጥር ይፍጠን፤ የቢልሃርዚያው ግን ይቆያል፣ በጎኑ ባለው እሾህም ይታወቃል። የተቆጠረው በ24 ይባዛል። አምስት እንቁላል 120 ነው በግራም፣ ይህም መካከለኛ ሕመም ነው፤ እስከ 99 ቀላል፣ ከ400 ጀምሮ ከባድ። የቆየ ጠባሳ ያለበት ሰው ሰገራው ባዶ ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው ይንገሩት፤ ለዚህ አልትራሳውንዱ ይጠቅማል፣ ንባቡም ለቢልሃርዚያ በወጣው የአልትራሳውንድ መመሪያ፣ በኒያሜ ፕሮቶኮል፣ ይሁን። ሁለት አንባቢ አንዱ የሌላውን ሳያይ ያንብብ።

ደሙ ከሚሴ ላይ ተቀድቶ ሳይለይ ደሴ ድረስ አይምጣ። እዚያው በሴንትሪፉጅ ተለይቶ፣ ሴረሙ በአራት ትንንሽ ቱቦ ተከፍሎ፣ በበረዶ ሣጥን ይጫን። አራት ያልኩት ደጋግሞ ማቅለጥ ናሙናውን ስለሚያበላሸው ነው።

መብራት ይጠፋል፤ ይህን ማንም መንገር አያስፈልገውም። ጄኔሬተሩ ራሱ የሚነሳ ይሁን፣ ነዳጁን የሚሞላው ሰው ስም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ የእሑድና የበዓል ተረኛ ይታወቅ። በረዶ በሆነ ውሃ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ መስጠሙን ማየት ለተራ ፍሪዘር ይሠራል፣ ከዜሮ በታች 80 ለሚይዘው ግን አይሠራም፤ በረዶው ሳይቀልጥ ናሙናው ሊበላሽ ይችላልና ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ይግባበት። ከናሙናው ግማሹ ሌላ ከተማ ይቀመጥ፣ መረጃውም በየሳምንቱ ከሕንፃው ውጭ ይገልበጥ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን ዝርፊያና ውድመት ላየ ሰው ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይመስለውም።

ፈቃድና ውጤት

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ቀድሞ ይያዝ፤ ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የዝውውር ስምምነቱ ለብቻው ጊዜ ይወስዳል፣ ከመጀመሪያው ወር ይጀመር። ሠልጣኙ ስለ ምርምር ሥነ ምግባር ፊት ለፊት የሚወያይበት ቢያንስ ስምንት ሰዓት ይመደብ፤ አሜሪካኖቹም ዝቅተኛው ብለው ያስቀመጡት ይህንኑ ነው።

ከባዱ ግን ውጤት መንገር ነው። ሄፓታይተስ ቢ ተገኘብሽ የተባለች ልጅ መጀመሪያ የምታስበው ጋብቻዋን ነው። ሠልጣኙ ለብቻዋ አስቀምጦ፣ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ፣ ባለቤቷ ተመርምሮ መከተብ እንደሚችል፣ ስትወልድ ሕፃኑ ወዲያው መከተብ እንዳለበት መንገር ይልመድ፤ መጀመሪያ ነርሷ ስትናገር ይስማ፣ ከዚያ እሷ ባለችበት እሱ ይናገር። የሕክምና ቀጠሮ ሳይዙ ምርመራ መጀመር የለብዎትም።

ወደ ሌላ ላቦራቶሪ መላክ

በሁለተኛው ዓመት ሦስት ወር፣ ከዚያ አይብለጥ። አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአክሊሉ ለማ ተቋም ከጥያቄው ጋር የሚገጥመው ይመረጥ። የሚሄደው አንድ የታወቀ ዘዴ ለምዶ ለመመለስ ነው፤ "ልምድ ለመቅሰም" ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ይመለስ።

ጽሑፍና ገንዘብ

የደራሲዎች ቅደም ተከተል ጥናቱ ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን። ከሚሴ ጤና ጣቢያ ሆኖ ስላይድ ያነበበው ባለሙያ ደራሲ ይሆን እንደሆነም ያኔ ይነጋገሩ፤ ኋላ ላይ ማንሳቱ ያኳርፋል። ሠልጣኙ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ አነስተኛ የገንዘብ ማመልከቻ፣ በሁለተኛው ዓመት ትልቁን ይጻፍ። ለአፍሪካ ተመራማሪዎች ገንዘብ ከሚሰጡት መካከል የአሜሪካው ፎጋርቲ ማዕከልና የአውሮፓና የአፍሪካ ትብብር የሆነው ኢዲሲቲፒ ይገኛሉ፤ በወቅቱ ክፍት መሆናቸው ይጣራ። ማመልከቻውን እርስዎ አይጻፉለት፤ በጀቱን ሲሠራ ግን የፋይናንስ ክፍሉን ሰው አጠገቡ ያስቀምጡ፣ የአበልና የነዳጅ ስሌት እዚያ ነውና የሚበላሸው።

የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት

ሠልጣኙ ይዞት የሚሄደውና ለእርስዎ የሚቀረው ተለይቶ ይጻፍ። የእኔ አቋም ጥያቄውን ያነሳው ሰው ይዞት ይሂድ ነው፤ አማካሪው ተፎካካሪ ሆኖ ያንኑ ሥራ መቀጠሉ ነውር ነው። ናሙናው ግን የተቋሙና የለጋሾቹ ነውና በፍሪዘሩ ውስጥ ይቆያል። የየሣጥኑ ዝርዝር፦ መደርደሪያ፣ ሣጥን፣ የቱቦ ቁጥር፣ ስንት ጊዜ እንደቀለጠ፣ ፈቃዱ መቼ እንደሚያልቅ። ዝርዝሩን የሚረከበው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሠልጣኙ ሳይለቅ በፊት ሃያ ቱቦ በዘፈቀደ ጠርቶ ያስወጣው፤ ከሃያው አንዱ ቦታው ላይ ካልተገኘ ሙሉው ቆጠራ ተደግሞ የመልቀቂያ ወረቀቱ ይፈረም።